ማኅበር ሥልጣን ሳይዝ ሕግ ስለሚያስወጣበት መንገድ

ሥልጣን ያልያዘ ማኅበር መንግሥትን እንዴት ሊያዘነብል እንደሚችል የአሜሪካው ፀረ መሸታ ቤት ማኅበር ታሪክ ያስረዳል። ማኅበሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በኦሃዮ ሲመሠረት የራሱን ፓርቲ አላቆመም፤ አባሎቹ የዕጩውን ፓርቲ ሳይመለከቱ መጠጥ እንዲከለከል ለሚደግፈው ብቻ ድምፅ እንዲሰጡ አደረገ እንጂ። ሁለት ፓርቲዎች በተቀራረቡበት ስፍራ ጥቂት ድምፅ ሚዛን ይደፋል። በ1905 የኦሃዮ አገረ ገዥ ማይረን ሄሪክ ማኅበሩ የፈለገውን ሕግ ስላዳከሙ ዘመቻ ተነሣባቸው፤ በምርጫውም ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ጠጪ እንደራሴ ሳይቀር ለክልከላው እጁን ማውጣት ጀመረ፤ ማኅበሩ የጠየቀው ድምፁን እንጂ ብርጭቆውን አልነበረምና። ክልከላው በ1919 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ፤ በ1933 የተሻረውም ተቃዋሚዎቹ በተራቸው ማኅበር አቁመው እንደራሴዎችን ከወተወቱ በኋላ ነው።