የሦስት ቀዳዳ ምስክርነት

ጥይትን በእጅ መሙላት የሚባለው ሙያ፣ አንድ ጊዜ ተተኩሶ የወደቀን ቀለህ አንሥቶ፣ አጽድቶና በተኩሱ ግፊት የሰፋውን ቅርጹን መልሶ፣ አዲስ ማቀጣጠያ፣ በሚዛን የተለካ ባሩድና አዲስ አረር በማግባት ዳግመኛ ለተኩስ የሚበቃ ጥይት የማዘጋጀት ሥራ ነው። የዋላ አደን በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚከፈት የቤተሰብ ወግ በሆነባቸው እንደ ፔንሲልቬንያና ዊስኮንሲን ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ይህ ሥራ በየቤቱ ምድር ቤትና ጋራዥ ውስጥ ሲከናወን የኖረ ነው። የሚታደነውን እንስሳ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ አጋዘን ይሉታል፤ ይሁንና በኢትዮጵያ አጋዘን የሚባለው ጠምዛዛ ቀንዱ ዕድሜውን ሙሉ የማይረግፍ እንስሳ ሲሆን፣ የአሜሪካው ወንድ ግን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ በየዓመቱ የሚያበቅል የሌላ ወገን በመሆኑ፣ የዳዊት መዝሙር ያስለመደው ዋላ የሚለው ስም ይበልጥ የሚስማማው ይመስላል። ወደ ሙያው ብዙ ሰው የሚገባው ወጪ ለመቆጠብ ነው፤ ይዞ የሚያስቀረው ግን ፋብሪካ ለሁሉም ጠመንጃ እንዲሆን አስቦ የሚሠራውን ጥይት ትቶ ለገዛ ጠመንጃው የሚስማማውን ልክ የማግኘት ጉጉት ነው፤ ከፍለጋው ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ፈላጊው ማግኘቱን በምን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ የሚበጀው ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት እየተባለ የሚጠራው ጥይት ነው። ስሙ የተገኘው ከጠመንጃው ቱቦ የውስጥ ስፋት፣ ማለትም ከአንድ ኢንች ሠላሳ መቶኛ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ጦር ከተቀበለበት ከ1906 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ይዞት የተዋጋው ኤም-ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰውም ይህንኑ ነበር። የአሜሪካ የጦር መሣሪያና የጥይት አምራቾች የደረጃ ተቋም፣ በምሕጻሩ ሳሚ፣ ለዚህ ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ አማካይ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው፤ ይህም የአንድ የቤት አውቶሞቢል ጎማ ከሚይዘው የአየር ግፊት ወደ ሁለት ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ከተኳሹ ፊት በጥቂት ጣት ርቀት ላይ ይፈጠራል ማለት ነው። ስለዚህ የባሩድ መጠን ከባሩድ አምራቾች የታተመ መመሪያ እንጂ ከጓደኛ ወሬ አይወሰድም፣ ሙከራውም መመሪያው ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ይጀምራል፣ በጠረጴዛው ላይም በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ የባሩድ ዕቃ አይቀመጥም። መቀርቀሪያው ሲከፈት መክበዱ ወይም የማቀጣጠያው ፊት መጨፍለቁ ግፊት መብዛቱን ይናገራል ይባላል፤ ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች የሚታዩት ብዙ ጊዜ ወሰኑ ከታለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ምልክት እስኪያይ ድረስ መጠን የሚጨምር ሰው የሚጠብቀው ማስጠንቀቂያን ሳይሆን አደጋውን ራሱን ነው።

በአንድ ነጥብ ላይ ተነጣጥረው የተተኮሱ ጥይቶች በወረቀት ላይ የሚተዉት የቀዳዳ ስብስብ ስፋቱ የሚለካው እርስ በርስ እጅግ በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት ሲሆን፣ መለኪያውም የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ፣ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ስፋት ነው። የተለመደው አሠራር፣ የባሩዱን መጠን በጥቂት የግሬን ዐሥረኛ (አንድ ግሬን የግራም ስድሳ አምስት ሺኛ ያህል ነው) እየጨመሩ ስምንት ያህል ዓይነት ማዘጋጀት፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት መተኮስ፣ ከዚያም ትንሹን ስብስብ የሰጠውን መጠን የጠመንጃው ምርጫ ነው ብሎ መያዝ ነው።

ሦስት ቀዳዳ ግን ደካማ ምስክር ነው። አረሮች በነጥቡ ዙሪያ የሚበተኑት በዕድል ስለሆነ፣ በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይቱ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠመንጃ፣ ከጥይቱም ከተኳሹም ምንም ሳይለወጥ፣ አንድ ጊዜ 1.5 ሌላ ጊዜ 4.5 ሴንቲ ሜትር ሊሰጥ ይችላል። በስብስቡ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ተኩስ ስፋቱን ባለበት ሊተወው ወይም ሊያሰፋው እንጂ ሊያጠበው ከቶ አይችልም፤ በዚህም የተነሣ የዐሥር ጥይት ስብስብ በአማካይ ከሦስት ጥይት ስብስብ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከስምንት ወረቀት ትንሹን የመረጠ ሰው እንግዲህ ምርጡን ባሩድ ሳይሆን ዕድለኛውን ወረቀት መርጦ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ መጠን ሞልቶ ሲመለስ ስብስቡ ሲሰፋበት ደግሞ ነፋሱን፣ ትንፋሹን ወይም ጠመንጃውን ይወቅሳል። ፎቶ የሚነሣውና በቦርሳ ተይዞ የሚዞረው ያ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ሦስቱ ገጥመው አራተኛዋ የራቀች እንደሆነም፣ የተኳሹ ጥፋት ናት ተብላ ከቁጥር ትወጣለች፤ ከሦስቱ አንዷ በአጋጣሚ ወደ መሃል የገባች ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አይጠረጥርም።

ይህንን የተረዳ ጥይት ሞይ የሚሞክራቸውን ዓይነቶች ይቀንሳል፣ የየአንዳንዱን ተኩስ ግን ያበዛል፤ በተለያዩ ቀናት የተተኮሱትንም በአንድ ወረቀት ላይ ደርቦ ያያል። እንዲህ ሲደረግ በጥቂት የባሩድ ቅንጣት መካከል ይታይ የነበረው ልዩነት አብዛኛው ይጠፋል፤ ጎልቶ የሚቀረው የአረሩ ዓይነት ነው። አንድ ጠመንጃ የአንዱን አምራች አረር አጥብቆ ሲሰበስብ የሌላውን፣ በክብደት እኩል የሆነውን፣ ሲበትን ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ ባሩድ በማስተካከል ከሚባክነው ወጪ ከፊሉን ሌላ ሳጥን አረር ለመግዛት ማዋል ይሻላል። ስለ ፍጥነት መለዋወጥ የሚወራውም በአደን ርቀት የተጋነነ ነው፤ 165 ግሬን የሚመዝን አረር ከአፈሙዙ በሰከንድ 853 ሜትር ሲወጣና ፍጥነቱ በ6 ሜትር ሲያንስ፣ በ100 ሜትር ላይ የሚያመጣው የከፍታ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በ300 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ከባሩዱ ቅንጣት ይልቅ ትኩረት የሚገባው ቀለሁ ነው። ቀለህ ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ የሚሠራ በመሆኑ በእያንዳንዱ ተኩስ ይለጠጣል፤ ቅርጹን ለመመለስ ከልክ በላይ በተጨፈለቀ ቁጥር ደግሞ ግድግዳው ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ ሲታይ በዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ የነጣ ቀጭን ቀለበት ሊኖር ይችላል፤ ይበልጥ የሚታመነው ግን ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ በቀለሁ አንገት አስገብቶ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እየዳሰሱ መሳብ ነው። በጤነኛ ቀለህ ውስጥ ሽቦው ሳይደናቀፍ ይወጣል፤ በደከመው ውስጥ ግን ጥፍር በተሰነጠቀ ብርጭቆ ላይ እንደሚያዝ ያህል ትንሽ ቦይ ላይ ይያዛል፣ ያ ቀለህም በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊከፈል ስለሚችል በፒንሳ ተጨፍልቆ ይጣላል። ይህ ፍተሻ ለአንድ ቀለህ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ባሩድ ለመመዘን ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

የዋላ ልብና ሳንባ የሚገኙበት ስፍራ በስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ተኩል የማዕዘን ደቂቃ የሚበትን ጠመንጃ በ200 ሜትር ላይ የሚበትነው 9 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀሪውን ስፋት የሚበላው የተኳሹ ክንድ፣ ድካሙ፣ ብርዱና የተደገፈበት የዛፍ ግንድ እንጂ ጥይቱ አይደለም። የአደን ጥይት የሚፈለግበት ሌላ ነገር አለ፤ ካዝናው ውስጥ መግባት፣ ያለ ግፊት መጉረስ፣ አረሩ በጠመንጃው ምት ወደ ቀለሁ እንዳይሰምጥ በአንገቱ አጥብቆ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አረሩ ሥጋ ሲያገኝ በልክ የሚከፈት፣ ሳይበታተን ጠልቆ የሚገባ መሆን። ለወረቀት ውድድር የተሠሩ አንዳንድ አረሮች ስብስባቸው ያማረ ቢሆንም ለዚህ የታሰቡ ስላልሆኑ፣ በወረቀት ላይ አሸናፊ የሆነው በጫካ ውስጥ እንስሳውን አቁስሎ ሊያስመልጥ ይችላል።

የአደን ጠመንጃ ቱቦ ለመሸከም እንዲቀል ተብሎ ቀጭን ስለሚደረግ፣ በተከታታይ ሲተኮስ ይግላል፣ ሲግልም የሚመታበት ነጥብ ሊዛነፍ ይችላል፤ ዋላው ግን የሚያገኘው ከቀዝቃዛ ቱቦ የወጣችውን የመጀመሪያዋን ጥይት ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ሞይ በመስከረምና በጥቅምት ዐሥር ቀን ይመርጣል፤ በየቀኑ ማለዳ፣ ቱቦው በአደኑ ዕለት እንደሚሆነው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቀለሁና አረሩ ሳይለወጥ፣ አንዲት ጥይት ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ተኩሶ፣ ከቀዳዳዋ አጠገብ ቀኑንና የአየሩን ሙቀት በእርሳስ ጽፎ ወረቀቱን አጥፎ ይዞት ይመለሳል። በዐሥረኛው ቀን የሚታየው ስብስብ ከስምንቱ ሙከራዎች ከአብዛኞቹ ይልቅ የሰፋ መሆኑ አይቀርም፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩ የሚስተካከለውም በዚያ ስብስብ መሃል ላይ ነው።