በደንብ የበሰለ ዓሣ ሁሉ አይበላም!

«ጀልባ ተከራይተን የካሪቢያን ደሴቶችን ልንዞር ነው፤ ዓሣ እያጠመድን ብንበላ ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ ደርሶኛል።

ዋናው ስጋት ሲጓቴራ የሚባለው መመረዝ ነው። መነሻው ኮራል ሪፍ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። ትንሹ ዓሣ አልጌውን፣ ትልቁ ትንሹን ሲበላ መርዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ብትጠብሱትም ፍሪጅ ብታስገቡትም አይጠፋም።

ምልክቶቹ፦ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የከንፈርና የእጅ መደንዘዝ። ተማሪ እያለሁ የገረመኝ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ሲነኩ እንደሚያቃጥል መሰማቱ ነው!

ምክሬ፦
1. ባራኩዳና ትልልቅ ግሩፐር ይቅርባችሁ።
2. ከሪፍ ርቆ የሚጠመድ ቱና ይሻላል። ግን ወዲያው በረዶ ውስጥ ይግባ፤ ሙቀት ላይ ከቆየ ሂስታሚን ይፈጠርበታል፣ እሱም በማብሰል አይጠፋም።
3. ምልክት ካያችሁ «ያልፋል» ብላችሁ ጉዞ አትቀጥሉ። ሲጓቴራ ማርከሻ የለውም፤ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላል። ቅርብ ወዳለው ደሴት ሐኪም ጋ ሂዱ።

መልካም ጉዞ!