የተረከዝ ሕመምን በእንቅስቃሴ ማስታገስ

ጠዋት ከአልጋ ወርደው መራመድ ሲጀምሩ ተረከዝዎን ከሥር ይወጋዎታል? ጥቂት ከተራመዱ በኋላስ ቀለል ይልዎታል? ይህ ብዙውን ጊዜ የፕላንታር ፋሺያይቲስ ምልክት ነው።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

ከተረከዝ አጥንት እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ። ጫና ሲበዛበት ተረከዝ አካባቢ ይታመማል። በመጋዘን ወይም በጽዳት ሥራ ለረጅም ሰዓት መቆም፣ ስስ ጫማ፣ የባት መወጠርና የክብደት መጨመር ያባብሱታል። በራጅ «አጥንት በቅሏል» ቢባሉ አይደንግጡ፤ ይህ ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎችም ላይ ይታያል።

በቤትዎ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች

1. ውስጥ እግርን መሳብ፦ ተቀምጠው የሚያምዎትን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ያድርጉ። ጣቶችዎን በእጅዎ ወደ ራስዎ ስበው 10 ሴኮንድ ይያዙ። 10 ጊዜ ይድገሙ። በቀን 3 ጊዜ ይሥሩ፤ የመጀመሪያውን ጠዋት ከመራመድዎ በፊት።

2. ባትን መሳብ፦ በእጅዎ ግድግዳ ይደገፉ። የሚያምዎትን እግር ወደ ኋላ ያድርጉ። ጉልበቱን ሳያጥፉ፣ ተረከዙን ከወለል ሳያነሡ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። 30 ሴኮንድ ይቆዩ፤ 3 ጊዜ ይድገሙ።

ፊዚዮቴራፒስቱ እግርን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሊጨምርልዎት፣ ተረከዝዎን በፕላስተር ሊያስርልዎት ይችላል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ ነገር ግን ወራት ስለሚወስድ ተስፋ አይቁረጡ።

ጫማና ዕረፍት

በቤት ውስጥም ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ጫማ ሲያወልቁ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ሲደክምዎት ቁጭ ይበሉ። በኃይል አያሳሹት።

ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ

እግርዎ ከደነዘዘ፣ ከቀላና ካበጠ፣ ትኩሳት ካለብዎት ወይም ከወደቁ በኋላ መርገጥ ካቃተዎት ሐኪም ጋ ይሂዱ። የስኳር ሕመም ካለብዎት እንቅስቃሴውን ከመጀመርዎ በፊት ያማክሩ።

እርዳታ የት ያገኛሉ?

በሜልበርን ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት የፊዚዮቴራፒና የእግር ሕክምና ይሰጣሉ፤ ክፍያው በገቢዎ ይወሰናል፤ አስተርጓሚ በነጻ ነው። ሕመሙ 6 ወር ካለፈው ጂፒዎን ስለ ሕክምና ዕቅድ ይጠይቁ፤ ሜዲኬር በዓመት እስከ 5 ጉብኝት ከክፍያው የተወሰነውን ሊሸፍን ይችላል። በስልክ አስተርጓሚ ለማግኘት 131 450 ደውለው «አምሐሪክ» ይበሉ።

ሲቀርቡም «እግሬን ያመኛል» ብቻ አይበሉ። በአማርኛ እግር ከጭን እስከ ጣት ነው። ቦታውን በጣትዎ ያሳዩ፤ መቼ እንደሚብስብዎት፣ በሥራ ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆሙ ይናገሩ። ትክክለኛው ሕክምና ከዚህ ይጀምራል።