ትንንሽ ጀልባዎችን ከሌባ ስለ መጠበቅ
ለባለ ጀልባውም ለነጋዴውም የሚበጅ ምክር

የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ንግድ በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የቦሎቄው፥ የሽንኩርቱ፥ የቲማቲሙና የአበባው ገበያ ነው። ይሁን እንጂ ከቆቃ እስከ ዝዋይ ድረስ በየሐይቁ ዳር ማለዳ ማለዳ የሚፈጸም ሌላ ንግድ አለ፤ ይኸውም የዓሣ ንግድ ነው። ይህ ንግድ እንደ እህል ንግድ መጋዘን፥ እንደ ጨርቃ ጨርቅ ንግድም የብረት በር የለውም። ሀብቱ የሚያድረው በውሃ ዳር፥ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ነው። ስለዚህ ጀልባዋ በተሰበረች ወይም ሞተሯ በተሰረቀ ዕለት የሚጎዳው ባለ ጀልባው ብቻ አይደለም። መረቡን በዱቤ የሸጠለት ባለ ሱቅ፥ ሞተሩን ከውጭ ያስመጣው አስመጪ፥ ዓሣውን የሚጠብቀው ባለ ሆቴልና ላኪ ሁሉ የጉዳቱ ተካፋዮች ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ምክር ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው።

የሐይቆቹ ሁኔታ

የዝዋይ ሐይቅ፥ በሌላ ስሙ ደንበል፥ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በውስጡ ቱሉ ጉዶን ጨምሮ አምስት ደሴቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ደሴቶችና በሐይቁ ዳርቻ ለሚኖሩት ለዛይ ሰዎች ጀልባ ማለት መኪናም፥ ጋሪም፥ መንገድም ማለት ነው። ገበያ የሚወጡት፥ በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚያደርሱት በእርሷ ነውና።

ለአዳማ የሚቀርበው የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ላይ ከተሠራውና በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው የኤሌክትሪክ ኀይል ግድብ የተገኘ ነው። ግድቡ የተሠራው ለመብራት ቢሆንም ሐይቁ ለብዙ ቤተ ሰብ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ከእነዚህ ሐይቆች ቆሮሶ፥ አምባዛና ካርፕ እየወጣ ወደ አዳማ፥ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። በተለይም በዐቢይ ጾም ወራት ፈላጊው እጅግ ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል። በዚያ ወቅት አንድ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ሥራ ብትፈታ ኪሣራው ከሌላው ጊዜ ይልቅ የከፋ ይሆናል።

ሌባ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ቀድሞ የደንገል ታንኳ ብቻ በነበረበት ዘመን ታንኳ መስረቅ ለሌባ የሚያጓጓ ሥራ አልነበረም። ታንኳው በባለቤቱ እጅ ተጠፍሮ የሚሠራ፥ ውሃ ሲጠግብም የሚጣል ነገር ነውና ገበያ አልነበረውም። ዛሬ ግን ከጀልባዋ ይልቅ በላይዋ ያለው ዕቃ ውድ ሆኗል። አንደኛው ሞተሩ፥ ሁለተኛው መረቡ፥ ሦስተኛው ቤንዚኑና ጀሪካኑ ነው። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሞተሩ ነው። አነስተኛ ሞተር ከጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ጋር የሚያያዘው በእጅ በሚጠመዘዙ ሁለት መቆንጠጫዎች ብቻ ስለ ሆነ መፍቻ እንኳ ሳያስፈልግ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። የ15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ክብደቱ ከአርባ ኪሎ ብዙም ስለማይርቅ ሁለት ሰዎች በቀላሉ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ዛሬ መንገዱ ስለ ተስተካከለ ሌሊት ከሐይቅ ዳር የተነሣ ሞተር ሳይነጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊገኝ ይችላል።

መረብም እንደዚሁ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ማታ ጥሎ ማለዳ የሚያነሣ ስለ ሆነ መረቡ ሌሊቱን ያለ ጠባቂ በውሃ ውስጥ ያድራል። መረቡን የጠቆመውን ተንሳፋፊ ያየ ሌባ ዓሣውንም መረቡንም ይዞ ይሄዳል።

በውሃ ዳር ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፥ ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃ ሞተሩን ማታ ማታ ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድ ነው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ የለም። ቤንዚኑ ግን እሳት በሚነድበትና ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛ፥ ሞተሩ በጀልባዋ ላይ የሚያድር ከሆነ የሁለቱን መቆንጠጫዎች እጀታ አንድ ላይ የሚሸፍን የብረት ቁልፍ ሊደረግለት ይገባል። ይህም እጀታዎቹ እንዳይዞሩ ይከለክላል። የኋላ ሳንቃው የበሰበሰ ከሆነ ግን ቁልፉ ዋጋ የለውም፤ ሌባው ሳንቃውን ቆርጦ ሞተሩን ከነቁልፉ ይወስደዋልና።

ሦስተኛ፥ ጀልባዋን በገመድ ማሰር ለነፋስ እንጂ ለሌባ አይሆንም። ገመድ በቢላዋ ይቆረጣል። ወፍራም የብረት ሰንሰለት ከጀልባዋ አካል ጋር በብየዳ ወይም በብሎን በተያዘ ቀለበት ውስጥ አልፎ ከትልቅ ዛፍ ወይም በሲሚንቶ ከተቀበረ ብረት ጋር መታሰር አለበት። ጓጉንቸሩ መሬት ላይ ተጋድሞ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ድንጋይ ላይ ያረፈ ቁልፍ በመዶሻ ይሰበራል፥ በዲጂኖም ይፈለቀቃል። የጓጉንቸሩ ቀለበት በሰንሰለቱ ተሞልቶ ክፍተት ባነሰ ቁጥር ሌባው መሣሪያ የሚያስገባበት ቦታ ያጣል።

አራተኛ፥ የውሃውን ከፍታ ማሰብ ያሻል። የቆቃ ሐይቅ በክረምት ይሞላል፥ በበጋ ይጎድላል። ሰንሰለቱ አጥሮ ከታሰረ ውሃው ሲነሣ ጀልባዋ በአንድ ወገን ተይዛ ልትሰጥም ትችላለች። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንደ ወቅቱ ሊረዝም የሚችል መሆን አለበት።

አምስተኛ፥ በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና ፊላ፥ በቆቃም እንቦጩ፥ ለሌባ መሸሸጊያ ይሆናል። ጀልባዎች የሚያድሩበት ስፍራ ከሩቅ የሚታይ፥ ዙሪያው የተመነጠረና ቢቻል መብራት ያለው ይሁን።

ስድስተኛ፥ በላንጋኖ እንዳሉት የመዝናኛ ጀልባዎች የዕቃ ሣጥን ያላቸው ሲሆኑ የሣጥኑ ማጠፊያ በውጭ በኩል በቪቴ ብቻ የተያዘ ከሆነ ቁልፉ ከንቱ ነው፤ ሌባው ቪቴውን ፈትቶ ክዳኑን ያነሣዋል። ማጠፊያው ክዳኑን ዘልቆ በውስጥ በኩል በሚታሰር ብሎን መያዝ አለበት። በሣጥኑ ውስጥ ምንም ዕቃ ካልቀረ ግን ክዳኑን ክፍት አድርጎ መተው ይሻላል፤ ባዶ መሆኑን ያየ ሌባ አይሰብረውምና።

ስለ ዘበኛና ስለ ኅብረት

ለአንዲት ጀልባ አንድ ዘበኛ መቅጠር የሚያዋጣ ነገር አይደለም። ሃያ ጀልባዎች በአንድ ወደብ ቢያድሩና ባለቤቶቹ በጋራ ሁለት ዘበኞች ቢቀጥሩ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ቀላል ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ በዕድርና በዕቁብ የለመድነውን ኅብረት በወደብም ልንሠራበት ይገባል። ዘበኛው የጀልባዎቹን ዝርዝር በመዝገብ ይዞ ማታ ሲረከብና ጧት ሲያስረክብ ቢፈረምበት ጉድለት የሚታወቀው በዚያው ዕለት ይሆናል። የዘበኛው ጎጆ የሚሠራበት ስፍራም ይታሰብበት፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ከውሃ ስለሚወጣ በመተላለፊያው ላይ ሰው ማሳደር ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ስለ ቁጥርና ስለ ወረቀት

ማናቸውም ቁልፍ ጊዜና መሣሪያ ባገኘ ሌባ እጅ መሰበሩ አይቀርም። የቁልፍ ጥቅም ሌባውን ማዘግየትና ድምፅ ማሰማት ነው። የተሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ የሚመልሰው ግን ቁጥርና ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ባለ ጀልባው ይህን ቁጥር በቤቱ በተቀመጠ ደብተር ይጻፍ፤ ሞተሩንና ጀልባውንም ፎቶግራፍ ያንሣ። በጀልባዋም አካል ላይ የራሱን ምልክት በሁለት ስፍራ ያድርግ፤ አንዱን በግልጽ፥ ሁለተኛውን ከእርሱ በቀር ማንም በማያውቀው ስውር ቦታ። በአሜሪካ ጀልባ ሠሪዎች ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ መለያ ቁጥር እንዲያትሙ የሚገደዱ ሲሆን፥ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ያው ቁጥር በስውር ቦታ እንዲደገም ተደርጓል። ሌባው የሚታየውን ቢፍቅ የተሰወረው ይመሰክርበታል። ይህ ዘዴ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ስለ ሆነ በእኛም አገር አናጢና ብየዳ ሠራተኛ ሊፈጽመው የሚችል ነው።

የነጋዴው ድርሻ

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው በተለይ ለነጋዴ ወገኖቻችን ነው። ሌባ ሞተር የሚሰርቀው ሊነዳው አይደለም፤ ሊሸጠው ነው። ገዢ ባይኖር ሌባው ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ በጨለማ ጭቃ ውስጥ አይንከራተትም ነበር። እንግዲህ እውነቱን ከተናገርን ሐይቅ ዳር ካለው ጓጉንቸር ይልቅ የሚበረታው ቁልፍ በከተማው ሱቅ ባንኮኒ ላይ ያለው ነው። አንድ ሰው ያለ ደረሰኝና ያለ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን፥ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በግማሽ ዋጋ ሲያቀርብ ባለ ሱቁ ርካሽነቱን ብቻ አይቶ ቢገዛ ስርቆቱን በገንዘቡ ደገፈው ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ሰራቂውን፥ በአንቀጽ 682 ደግሞ ከወንጀል የተገኘውን ዕቃ የሚቀበለውን ይቀጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን ከገዢው እጅ ለማስመለስ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ስለዚህ በግማሽ ዋጋ የተገዛው ሞተር በመጨረሻው ከሙሉ ዋጋ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ባለ ጀልባ ከአዳማ ባለ ሱቅ መረብና ሞተር በዱቤ ወሰደ እንበል። ዕዳውን በየሳምንቱ ከዓሣው ሽያጭ ይከፍላል። ሞተሩ ተሰርቆ ወደ ሌላ ሱቅ ተሸጠ። ሁለተኛው ነጋዴ አተረፈ፤ የመጀመሪያው ግን ዱቤውን አጣ፥ ከእንግዲህም ለዓሣ አጥማጅ አልሸጥም አለ። ዱቤ የተነፈገው ሌላው ዓሣ አጥማጅ መረብና ሞተር የሚገዛበት መንገድ አጣ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የሁለተኛው ነጋዴ ደንበኛ ይሰረቅና ኪሣራው ወደ እርሱ ይዞራል። ስለዚህ ያለ ወረቀት መግዛት ለአንዱ ትርፍ መስሎ ለሁሉ ኪሣራ የሚሆን ንግድ ነው።

እንግዲህ በየሥራችን ልናደርግ የምንችለውን በአጭሩ እንግለጽ። አስመጪው በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ያስገባውን የእያንዳንዱን ሞተር ቁጥር በመዝገብ ይያዝ፤ ከሞተሩም ጋር ለሞተር የተሠራውን ቁልፍ አብሮ ያስመጣ፥ የማይዝጉትንም ጓጉንቸሮች ይምረጥ። ባለ ሱቁ በደረሰኙ ላይ የሞተሩን ቁጥርና የገዢውን ስም ይጻፍ፤ ያገለገለ ሞተር ሲገዛም የሻጩን መታወቂያ ተመልክቶ ይመዝግብ፥ ወረቀት የሌለውንም ይመልስ። ላኪውና ባለ ሆቴሉ ወደባቸውን በኅብረት ከሚያስጠብቁ ማኅበሮች ዓሣ በመግዛት ያበረታታቸው፤ ሳይቋረጥ ዓሣ ሊያቀርብለት የሚችለው ጀልባው የተጠበቀ አጥማጅ ነውና። የተሰረቀ ሞተር ቁጥር ለፖሊስ በተነገረ ዕለትም ያው ቁጥር በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱና በሻሸመኔ ላሉ የመለዋወጫ ሱቆች ቢደርስ ሌባው የሚሸጥበት ገበያ ያጣል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። ከተሰረቁ በኋላ ሰንሰለት የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ይነቅፉታል። የአንድ ጥሩ ጓጉንቸርና የጥቂት ሜትር ሰንሰለት ዋጋ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቁጥርን በደብተር መጻፍማ ምንም ዋጋ አያስወጣም። የሚያስፈልገው ዛሬ ማታ፥ ጀልባዋ ከመታሰሯ በፊት፥ ሱቁም ከመዘጋቱ በፊት መጀመር ብቻ ነው።