ቤቱን ለክቶ የጻፈውን ማን አየው?

ዳባት ገበያ ዳር ሻይ ስንጠጣ አንድ የጊች አባት ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የግብር ደረሰኝ አውጥተው ዘረጉልኝ። ስም አለበት፣ ዓመተ ምሕረት አለበት፣ የብር ልክ አለበት፣ ማኅተሙም ደምቆ ይታያል። ቤቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ቦታው ስንተኛ ደረጃ እንደተሰጠው፣ ብሩ ምን በምን ተባዝቶ እንደመጣ ግን የለበትም። «ሜትሩን ሲዘረጉ አይቻለሁ ልጄ፤ የጻፉትን ግን አላየሁም» አሉኝ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው ጉዳዩን መከታተል የጀመርኩት።

የጊች ሰው ግምትን ያውቀዋል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለውን እርሻና ግጦሽ መቀነስ ነው። በዚህም በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው የጊች መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ደባርቅ ወርደው ሰፈሩ፤ ፓርኩም በቀጣዩ ዓመት ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለቤት የመተኪያውን ዋጋ፣ ለእርሻ መሬት ደግሞ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ካሳ ሆኖ እንዲከፈል ያዝዝ ነበር።

«ጊች ሳለሁ ሣር ክዳን ነው፣ ጭቃ ነው ብለው ቤቴን አቃለሉት። ደባርቅ ገብቼ ቆርቆሮ ሳለብስ ቤቴ ቤት ሆነ። ሲከፍሉኝም ሲያስከፍሉኝም ያው መንግሥት አይደለም ወይ?» አሉኝ እኚሁ አባት። ጥያቄውን ይዤ ወደ አንድ የሥራ ኃላፊ ሄድኩ። ስለ ገቢ ዕቅዱ በሰፊው ነገሩኝ፤ ባለቤቱ የግምቱን ሒሳብ ለምን እንደማያይ ስጠይቃቸው ግን «ይህ ባለሙያን የሚመለከት ነው» ብለው ተነሡ። ባለሙያው በበኩሉ የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ።

በዚህ አገር ገማች መፈራቱ የዛሬ ነገር አይደለም። የአሥራት ገማቾች እህሉ ሳይታጨድ ማሳው ዳር ቆመው ምርቱን በዓይናቸው ይገምቱ ነበር። በ1930ዎቹ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ በጋሻ ሲገበር፣ በጌምድርና ሰሜን፣ ጎጃምና ትግራይ ግን መሬታቸው ስላልተለካ በቀድሞው ልማድ ነው የገበሩት። ገበሬው ገመድ ጣይ (መሬት ለኪ) መጣ ሲባል ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ይሰጋ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አሥራት በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ የጎጃም ገበሬ ያመፀው የብሩን መጠን ብቻ ጠልቶ አይመስለኝም፤ ገማቹን ስላላመነው ጭምር ነው። መንግሥትም ጦር ካዘመተ በኋላ ውዝፉን ለመሰረዝ ተገዷል። ደርግ መጥቶ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ በዓመቱም በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደነገገ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር እያልን ለአሥርት ዓመታት ስንከፍል የኖርነው ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ታክሱ የሚሰላው ከገበያ ዋጋው 25 በመቶ ላይ ሲሆን፣ ምጣኔው ለሕንጻ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። ሁለት ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት እንግዲህ በዓመት ከ500 እስከ 5,000 ብር ያስከፍላል ማለት ነው። ገማቹ ሁለቱን ሚሊዮን ሦስት ካደረገው ታክሱም በዚያው ልክ ያድጋል። በጡረታ ወይም በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው ጭማሪው የወር አስቤዛ ሊሆን ይችላል። ከተሞችም መንገድና ውኃ የሚሠሩበት ገቢ እንደሚያስፈልጋቸው አልክድም፤ ያልታመነ ግምት ግን ገቢውንም ያደርቀዋል።

የሚታመን ግምት ግን ይቻላል። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በከንቲባ ኢቮን አኪ-ሶየር ዘመን፣ ቤቶችን ከሳተላይት ምስል ቆጥራ ግብሩን በነጥብ ማስላት ጀመረች። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድ፣ ሁሉም የየራሱ ነጥብ አለው። በመዝገብ ላይ ያሉት ቤቶች ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ከሁሉም የወደድኩት ግን፣ ነጥቡ የሚሰጠው ማንም ደጅ ቆሞ ሊያየው ለሚችለው ነገር መሆኑን ነው።

እኛ ዘንድ ለዚህ ሳተላይት መጠበቅ አያስፈልግም። የለካው ባለሙያ ስፋቱን፣ የቦታ ደረጃውንና የካሬውን ዋጋ በአንድ ወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ አንዱን ቅጂ እዚያው ለባለቤቱ ቢሰጥ ይበቃል። ቅሬታውንም የገመተው ክፍል ራሱ ማየት የለበትም። መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም አዝዟል፤ ንብረቱ ለሚወሰድበት ሰው የተሰጠው መብት ግብር ለሚከፍለው የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

የንብረት ታክሱን በየአካባቢው ሥራ ላይ የሚያውሉት ክልሎችና ከተሞች ናቸው። የአማራ ክልል ምክር ቤት የግምት ወረቀቱ ለባለንብረቱ ሳይሰጥ ግብር እንዳይጠየቅ በግልጽ ይደንግግ። አንባቢም ደረሰኙን ብቻ ተቀብለው አይመለሱ፤ ሒሳቡ የተሠራበትን ወረቀት ይጠይቁ።