ጀምሮ የተተወ ካሜራ

ፎቶግራፍ ማንሳት ጀምረው፣ ልጅና የቤት ሥራ ሲደራረብባቸው የተዉት እናቶች ብዙ ናቸው። እንደገና መያዝ ግን ይቻላል።

አሜሪካዊቷ ኢሞጀን ከኒንግሃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 በሲያትል ከተማ የራሷን ፎቶ ቤት ከፈተች። በ1915 የመጀመሪያ ልጇን፣ በ1917 ደግሞ መንታ ልጆች ወለደች። ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ሲዛወር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። እርሷ ግን ካሜራዋን አልጣለችም። ከልጆቿ መራቅ ስላልቻለች፣ እነርሱን እየጠበቀች በጓሮዋ የበቀሉትን ዕፀዋት ታነሳ ጀመር። በ1925 ያነሳችው የማግኖሊያ አበባ ዛሬም በዓለም የታወቀ ነው። በ92 ዓመቷ እንኳ አረጋውያንን የማንሳት አዲስ ሥራ ጀምራ ነበር፤ በ1976 በ93 ዓመቷ ዐረፈች።

እንግዲህ እናቶች፣ ትርፍ ጊዜ እስኪገኝ መጠበቅ ሥራውን ማስረሳት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለይቶ፣ በመስኮት በሚገባው ብርሃን በቅርብ ያለውን ማንሳት ለመጀመር ይበቃል። ቀኑንና የሰዎቹን ስም መጻፍም አይዘንጋ። ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ የምትጎድለው አንሺዋ እናት ናትና፣ አንዳንዴ ካሜራውን ለልጅ ሰጥቶ መነሳትም ያስፈልጋል።