ወላጅን ስለ መጦርና የመጦሪያን ወጪ በሕግ ስለ ማስመለስ

በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ፥ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ይላል። ይህም ምርቃት አጭር ሲሆን የቤተ ሰብ ሕግ ሁሉ ሥር በውስጡ አለ፤ ልጅ በሕፃንነቱ የተቀበለውን እንክብካቤ በወላጁ እርጅና ጊዜ ይመልሳል ማለት ነውና። ዛሬ ግን ልጆች እንደ ዱሮው በአንድ ግቢ አይኖሩም። ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ መቂ፥ ወደ ባቱ፥ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ሻሸመኔ የሚወርደውን መንገድ የተከተለ ሰው፥ አንዱን ልጅ በንግድ፥ ሁለተኛውን በመንግሥት ሥራ፥ ሦስተኛውን በባዕድ አገር ተበትኖ ያገኛል። አሮጊት እናት ግን በቀድሞው ቤቷ ትቀራለች። የአስታማሚው ደመወዝ፥ የመድኃኒቱና የቀለቡም ወጪ በአብዛኛው በቅርብ በተገኘው በአንዱ ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እርሱም ስለ ሀፍረት ዝም ይላል፤ ዝምታውም ቂም ይሆናል፤ ቂሙም እናቲቱ ካረፈች በኋላ በውርስ ክርክር ይፈነዳል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 እንደምናነበው፥ ለወላጆቻቸው የሚገባውን ገንዘብ ቁርባን ነው እያሉ ከመጦር የሚያመልጡትን ሰዎች ጌታችን ገሥጾአቸዋል። ስለዚህ በመልካም ምክንያት እንኳ ቢሆን ከወላጅ ዕዳ ማምለጥ እንደማይቻል የታወቀ ነው። ሃይማኖት ያዘዘውንም የአገር ሕግ አጽንቶታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀለብ ሰፊ ክፍል ነበረው። ይህም ክፍል በ1992 ዓ.ም. በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተ ሰብ ሕግ ውስጥ ገብቶአል። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የራሷን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥታለች፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የሚነሣው ጉዳይ የሚታየው በዚህ ነው። በፌዴራሉ ሕግ አነጋገር ቀለብ ማለት እንጀራ ብቻ አይደለም። መኖሪያ፥ ልብስና የጤና ጥበቃም በውስጡ ይገኛሉ፤ መጠኑም እንደ ተቀባዩ ችግርና እንደ ሰጪው አቅም ይወሰናል። ሁኔታው ሲለወጥም ዳኛው ውሳኔውን መልሶ ሊያየው ይችላል። ቀለብ የሚጠይቀው ሰው ግን የተቸገረና ሠርቶ ለመኖር የማይችል መሆን አለበት።

ቀለብ ሰጪዎችም ተራ አላቸው። አስቀድሞ ባል ወይም ሚስት፥ ቀጥሎም ልጆችና የልጅ ልጆች፥ ከዚያም ወላጆች፥ ወንድሞችና እኅቶች ይጠየቃሉ። ሽማግሌው ከልጆቹ አንዱን መርጦ ለመጠየቅ ይችላል። የተጠየቀውም ልጅ ከከፈለ በኋላ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ላይ መብት ያገኛል። ለምሳሌ ያህል ሦስት ልጆች አሉ እንበል፤ አቅማቸው እኩል ነው፤ የእናታቸውም ወጪ በወር 6000 ብር ነው። አንደኛው ብቻውን ቢከፍል፥ የእያንዳንዱ ድርሻ 2000 ብር ስለ ሆነ፥ 4000 ብሩን ከሁለቱ ይጠይቃል። እንዲህ ማድረጉ ከወንድማማችነት መውጣት አይደለም፤ ይልቁንም ዕዳው የሁሉም መሆኑን ማስታወስ ነው።

ይህን የሚያስብ ሰው ነገሩን ማዘግየት የለበትም። የቀለብ ውዝፍ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በመሠረቱ የሚቀር ነውና። ደግሞም ደረሰኝን፥ የባንክ ወረቀትንና የሐኪም ማዘዣን በየቀኑ ማስቀመጥ ይገባል። በፍርድ ቤት የከፈልሁ ማለት ብቻ አይበቃም፤ በስንት ቀን ምን ያህል እንደ ተከፈለ የሚመሰክር ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ወላጅን በመጦሪያ ቤት ወይም በተቀጠረ አስታማሚ ስለሚያስጠብቁም ሰዎች ጥቂት ቃል እንጨምራለን። በአዲስ አበባ እንደሚገኘው እንደ መቄዶንያ ያለ የበጎ አድራጎት ማኅበር አረጋውያንን ያለ ዋጋ ይሰበስባል። ሕጉም ቀለብ ለሌላ እንዳይተላለፍ ቢከለክልም፥ ተቀባዩን ለሚጠብቅ ለበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። በክፍያ የሚጠብቅ ሲሆን ግን፥ ምን አገልግሎት በምን ዋጋ እንደሚሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ያስፈልጋል። በውሉ ከተጻፈው በላይ ተቀብሎ ወይም ላልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ ወስዶ እንደ ሆነ፥ የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ሊያስመልስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2164 ደንግጎአል። ቤቱን ለጧሪው በስጦታ የሚሰጥ ሽማግሌም ይጠንቀቅ። የቤት ስጦታ በቁጥር 2443 መሠረት በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም፤ የመጦሩም ግዴታ በጽሑፉ ውስጥ ተዘርዝሮ ካልገባ፥ ኋላ ጧሪው ቃሉን ቢያጥፍ ማስረዳት ይከብዳል።

አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክል ሰው፥ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 መሠረት፥ የተበደለው አቤት ሲል ይቀጣል። ነገር ግን ልጅን ማሳሰር ለእናት የሚጣፍጥ መድኃኒት አይደለምና፥ አስቀድሞ በሽማግሌ መነጋገር ይሻላል። በኦሮሞ ዘንድ ጃርሱማ የተባለው የእርቅ ሥርዓት ለዚህ የታወቀ ነው። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው እንደ ሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተ ሰብን ጉዳይ ለማየት እንዲችል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ፈቅዶአል። እርቅ ካልተገኘ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይኬዳል። የዳኝነት ገንዘብ የሌለው አረጋዊም በ1958 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተጻፈው መሠረት፥ ድኽነቱን አስረድቶ በደሀ ደንብ ለመክሰስ ይችላል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ፍርድ ቤት ገንዘብን ያካፍላል እንጂ ፍቅርን ሊያካፍል አይችልም። ስለዚህ ወላጆቻችሁ በጤና ሳሉ ወንድምና እኅት ተሰብስባችሁ፥ ማን ምን ያህል እንደሚያወጣና ማን እንደሚጎበኝ ወስናችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ፈርሙ። ይህች ወረቀት ትንሽ ብትመስል፥ እናትን በልጆቿ መካከል እንደ ዕዳ ከመቈጠር፥ ወንድማማቾችንም በመቃብር ዳር ከመካሰስ ታድናለች።